አሆት ትመጣልሻለች

እናቴ እግሯን ለባዕድ ሰው አታሳይም ነበር። ፊቷን የፈለገ ይይ፣ እጇን የፈለገ ይጨብጥ፤ እግሯን ግን ከእኔ በቀር፣ ለእኔም ቢሆን ከስንት ልመና በኋላ፣ ያየው የለም። አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ብታሳይ ምን አለበት?» ብላት «ምን አለው ብለሽ ነው የሚታይ?» አለችኝና ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች። ነገሩ በዚያ አለቀ። ከእናቴ ጋር ብዙ ነገር በዚያ ነበር የሚያልቅ።

እንግዲህ እግሯን የማታሳይ ሴት እግሯ ቆሰለ።

ከአፉላ በላይ ያለውን የጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ታች ከተማው ውስጥ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኛ ላይ መስኮታችን በብርድ ነፋስ ያፏጫል። እናቴ ብቻዋን ነበር የምትኖር፤ እኔ ከእሷ ቀጥሎ ካለው ሕንፃ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን ትለኩስና እግሯን አስጠግታ የፀሐይ አበባ ፍሬ እየፈለፈለች ትውላለች። አፉላ ኖሮ ያን ፍሬ የማይፈለፍል የለም። ስኳር በሽታው እግሯን ካደነዘዘው ቆይቶ ስለነበር ሙቀት አይሰማትም። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

«እማዬ፣ ምን ጥደሽ ረሳሽ?»

«ምንም አልጣድሁ። ምን ሸተተሽ?» ትላለች፣ ፍሬዋን እየፈለፈለች። ካልሲው እግሯ ላይ እየከሰለ ነበር።

ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ቃጠሎው አይደለም፤ ፊቷ ነው። እግሯ እየነደደ ፊቷ ሰላም ነበር።

ሆስፒታል ወሰድናት። የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡት፣ አጠቡት፣ አሸጉት። ልትወጣ ስትል ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ በዕብራይስጥ እንዲህ አለኝ፦ ይህ ቁስል ቤት ውስጥ በየቀኑ በነርስ እጅ ካልታጠበ ተመልሳ ትመጣለች፤ ያኔ የምንቆርጠው ከዚህ ነው። «ከዚህ» ሲል በእጁ የእናቴን እግር ከጉልበቷ በታች ከፈለው። ሳይነካት፣ በአየር ላይ። እናቴ ዕብራይስጡ አልገባትም፤ እጁን ብቻ አይታ ፈገግ አለችለት።

«ምን አለ ይህ የተባረከ?»

«ደህና ትሆኛለሽ አለ።»

«አሜን በይዋ!»

«አሜን» አልኩ።

እኔ እስከዚያ ድረስ የቤት ውስጥ እርዳታ የሚባለው አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ነው። ሜታፔሌት የሚሏት ተንከባካቢ አለች፤ ገላ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ እጅ ይዛ ደረጃ ታወርዳለች። ቁስል ግን በጣቷ ጫፍ አትነካም፤ አይፈቀድላትም። ሌላዋ አሆት ናት፤ ነርሷ ማለት ነው። ቁስል ታጥባለች፣ ስኳር ትለካለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ታስፈጽማለች። ሳህን ግን አታጥብም። ለመጀመሪያዋ ሥራ እኔ ነበርኩ። እኛ የጎደለችን ሁለተኛዋ ናት።

የሕክምና ዋስትናችን፣ ኩፓ የምንለው፣ አሆት ይልካል። ልኮም ነበር፤ ግን ለብዙ ቤት አንዲት ስለሆነች በየቀኑ ልትመጣ አትችልም። በመጣችበትም ቀን እናቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና፣ ሴትዮዋ ራስጌዋ ቆማ እያየቻት፣ «ተኝታለች በያት» አለችኝ። ምን ብዬ ልተርጉም? ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሰዓቷን አየች፣ ሄደች።

ስለዚህ የግል አሆት መፈለግ ጀመርኩ። አሆት ፕራቲት ይሏታል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የምትመጣ። እንዴት እንደምትገኝ የሚነግርሽ ወረቀት የለም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሌላ በሽተኛ ልጆችን እየጠየቅሁ፣ ስልክ እየለመንኩ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የሙያ ፈቃዷን እንድታሳይ ጠይቂ አሉኝ፤ አታፍሪ፣ ደህና ነርስ ስትጠየቅ አይከፋትም። ከዚያ፣ እሷ ስትታመም ማን ይተካታል? ፋሻውንና መድኃኒቱን ማን ይገዛል? ቅዳሜ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ለማን ይደወላል? ከሐኪሙ ጋር ራሷ ትነጋገራለች ወይስ እኔ መሀል ቆሜ ላስተርጉም? ይህን ሁሉ ቃል በቃል አጥንቼ፣ እንደ ፈተና ተማሪ እየደጋገምኩ፣ አንዲት ከሩሲያ አገር የመጣች ሴት ጋ ደወልኩ። ሁሉንም መለሰችልኝና በመጨረሻ እሷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ትቀበለኛለች?»

«እንጃ» አልኳት።

«ይሁን፤ እሑድ ጠዋት እመጣለሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ላቁምና ስለ እናቴ እህት ልናገር፤ ያለ እሷ ይህ ታሪክ አይገባም።

እናቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት። «እታለም» ነበር የምትላት። እኛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ እታለም ጎንደር ቀረች፤ ባሏ እንደ እኛ አይሁድ ሳይሆን ክርስቲያን ነበር፣ ልጆቿም እዚያው። በኋላ እሷም ለመምጣት አመለከተች፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዛሬ ይፈቀዳል፣ ነገ ይፈቀዳል እየተባለ እናቴ ፀጉሯ ሸበተ። በስልክ ሲገናኙ እታለም «ተፈቀደ ሲሉ ሰምተሻል?» ትላለች፤ እናቴ «ይፈቀዳል፣ አንች ብቻ ጤና ሁኝ» ትላለች። ሁሌ ይህችው ናት ወሬያቸው።

እናቴ ከመቃጠሏ አስቀድሞ፣ የአዲስ ዓመት በዓላት ሲያልቁ፣ ከጎንደር ለወንድሜ ተደወለ። እታለም አርፋለች። ወንድሜ ወደ እኔ መጥቶ በሩን ዘጋና ነገረኝ፤ ሁለታችንም እንዳይሰማ አፋችንን ይዘን አለቀስን። መርዶ ደግሞ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ፣ ሰውዬው ወድቆ እንዳይጎዳ ዙሪያውን ተይዞ ነው የሚረዳ። ወንድሜ «ስኳሯ ይውረድና እናረዳታለን» አለ። ስኳሯ ሳይወርድ እግሯ ተቃጠለ። «ቁስሏ ይዳንና» አለ።

እኛም ዝም አልን። ዝም ስትሉ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ ሟቹ ከቤት አይወጣም። እናቴ «እታለም ምነው ስልኩን አታነሳ?» ባለች ቁጥር አክስቴ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በእናቴና በእኔ መካከል፣ የምትቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ሶፋው ላይ ልቀመጥ ስል ሰው አለ ብዬ ፈቀቅ ያልኩበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ የእሑዱ ቀጠሮ በተያዘ ማግስት፣ ደስ ብሎኝ፣ ከደጅ ገና ስገባ ነገርኳት። እኛ እዚህ ስንነጋገር ግማሹ አማርኛ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ አፋችን ለምዶታል፣ አናስተውለውም።

«እማዬ፣ ደስ ይበልሽ! እሑድ አሆት ትመጣልሻለች።»

እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አሆት?»

«አዎ፣ አሆት።»

«የኔ?»

«ያንች እንጅ የማን! ላንች ብቻ ናት የምትመጣ።»

«ፈቀዱ?»

«ፈቀዱ፤ ሁሉም አልቋል» አልኩ። ኩፓው የእግሯን ነገር የሚገልጸውን ወረቀት መስጠቱን የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነው።

«ብቻዋን ነው የምትመጣ?»

«ብቻዋን ነዋ፣ ስንት ሆነው እንዲመጡ ፈለግሽ!»

እናቴ ተነሳች። በዚያ እግሯ ተነስታ፣ ወለሉን ልትስም ጎንበስ ስትል ደግፌ ያዝኳት። እልል አለች። ቀጭን፣ የደከመች እልልታ። እኔ ሞኟ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ «ተመስገን፣ በመጨረሻ እግሯን ልታሳይ ነው» እላለሁ።

አሆት በዕብራይስጥ እህት ማለት ነው። ነርስም ማለት ነው፤ አንድ ቃል ነው። አገራችንም እኮ ነርሷን «ሲስተር» እንላት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? እናቴ ኡልፓን፣ ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ወራት ተቀምጣ ነበር። እዚያ የቤተ ሰብ መጠሪያ አስተማሯት፦ አባ፣ ኢማ፣ አሕ፣ አሆት፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት። ከዚያ ገጽ አላለፈችም። ነጭ ልብስ የለበሰውን ሁሉ ወንዱንም ሴቱንም «ዶክተር» ነበር የምትለው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሁሉንም እያወቅሁ ነው ያልተገናኘልኝ።

እሑድ ጠዋት አሆቷን ለመቀበል ቀደም ብዬ ሄድኩ። እናቴ ገላዋን ታጥባለች፣ የሰንበት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋ አዲስ ነው። ይሁን፣ እንግዳ ልትቀበል ነው ብዬ ወደ ውስጥ ሳልፍ በትንሿ ክፍል ያለው አልጋ ተነጥፏል። ንጹሕ አንሶላ፣ ሁለት ትራስ፣ ከእግርጌ የታጠፈ ጋቢ። ከአልጋው ሥር አዲስ ነጠላ ጫማ፣ ጫፉ ወደ በር የዞረ።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምን ምንድን ነው ትያለሽ? እታለም የት ልትተኛ ነው? ወለል ላይ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ መናገር ይቸግረኛል። እጄ በአንሶላው ላይ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ከሳሎን ታወራኛለች፤ እታለም ሥጋ እንደማትወድ፣ ነፋሱ እንዳይመታት መስኮቱን እንድዘጋ። ወንድሜን ልጥራ? ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ደግሞ ያን አልጋ ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተጠራ ሰው የሚመጣ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እናቴም ሰማች።

በሩ ተንኳኳ። እናቴ በዱላዋ ከእኔ ቀድማ ከፈተችው።

አንዲት ወፍራም ሴት ቆማለች። ፀጉሯ በቀለም የቀላ፣ በትከሻዋ ትልቅ ቦርሳ፣ ደረጃውን ወጥታ የምታለከልክ። «ሻሎም፣ አኒ ሃአሆት» አለች። እኔ ነኝ አሆት።

እናቴ በትህትና አንገቷን ደፋችላትና ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወደ ደረጃው ተመለከተች። ትንሽ ጠበቀች። ፈቀቅ ብላ ደግሞ ተመለከተች። ደረጃው ባዶ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ የትንሿ ክፍል በር ላይ ተገትሬያለሁ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መቼ?» አለች።

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። «መቼ?» ብቻ። እኔም በበዓላቱ ማግስት እንደሆነ ነገርኳት።

«መርዶዬን በዕብራይስጥ ነገርሽኝ፣ ልጄ» አለችና ቁልቁል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ልረዳት ብዬ አረዳኋት። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ዘመድ ሳይከባት፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ባዕድ ሴት እያየች። አሆቷ ቦርሳዋን ይዛ «ምን ሆነች? ወደቀች?» ትለኛለች። «አሆቷ ሞታ ነው» አልኳት።

«የቷ አሆት? ከእኔ በፊት ሌላ ነበረቻት እንዴ? አልነገርሽኝም እኮ!»

ማልቀስ ጀምሬ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ደግሞ እንደ ጩኸት ሆኖ ወጣ። እስካስረዳት ድረስ ጊዜ ፈጀ። ሲገባት ቦርሳዋን አስቀመጠችና ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያን ቀን እግሩን አልነካችም። እናቴም አላስነካችም።

ለቅሶው ሆነ። ወንድሜ መጣ፣ ዘመድ ከየከተማው መጣ፣ የእኛው የአይሁዶቹ ቄስ መጣ፣ ደረጃው በሰው ሞላ። እናቴ ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ተቀመጠች። እግሯ ግን ከፍ ማለት ነበረበት፣ በየቀኑ መታጠብ ነበረበት፤ እሷ ደግሞ «በለቅሶዬ ላይ እግር ሰቅዬ ልቀመጥ? ምን ልባል?» አለች። ፋሻው ቢጫ ሆነ። ሰው ሲያቅፋት እኔ የማየው ፋሻውን ነው። የሐኪሙ እጅ አየር ላይ ሲያልፍ በዓይኔ ይመጣብኛል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በጆሮዋ ለመንኳት፣ ወንድሜ ለመናት፣ ቄሱም ለመናት። «ይቆረጥ» አለች። «የሚሄድበት የት አለው?»

አሆቷን እንዳትመጣ ማለት ረስቼ ነበር። በማግስቱ መጣች። የለቅሶተኛውን ጫማ እየተራመደች ገባችና ሁሉንም አየት አደረገች። በዕብራይስጧ፣ እሱም ከእኛ በማይሻል ዕብራይስጥ፣ ለወንድሜ «ተነስልኝ» አለችው፤ ከዚያ እያቃሰተች፣ አንዴ በጉልበቷ አንዴ በመዳፏ፣ ከእናቴ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋች፣ የእናቴን ተረከዝ አንስታ እዚያ ላይ አሳረፈችው። ምንም አልጠየቀችም። ሰው ሁሉ እናቴ ስትጮህ ሊሰማ ዝም አለ።

እናቴ አልጮኸችም። አሆቷ አንገቷን ደፍታ ፋሻውን ስትፈታ፣ እናቴ የምታየው የሴትዮዋን የፀጉር ፈር ነው። ቀዩ ቀለም አድጎ ሥሩ ነጭ ወጥቷል። ያን ፈር ትክ ብላ አየችው።

«ዘገየሽ» አለች በአማርኛ።

አሆቷ ሳይገባት «ኬን፣ ኬን» አለች። አዎ፣ አዎ ማለቷ ነው።

«እሾሁን በመርፌ ስታወጭልኝ እንዲህ ነበር የምትይዥኝ። እኔ ስጮህ በተረከዜ አገጭሽን መታሁሽ፤ ታስታውሻለሽ?»

«ኬን፣ ኬን፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን እግሩን አየሁት፤ ታጠበ፣ ተጠረገ፣ ታሸገ። ሌላው ሁሉ ይምጣ አልኩ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አሆቷ በየቀኑ መጣች። እናቴ በሩን ትከፍታለች፣ ትቀመጣለች፣ ካልሲዋን ራሷ ታወልቃለች። እኔ እንድገኝ አትፈልግም፤ «ሥራ የለሽም?» ትለኛለች። ማጀት ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ መውቀስ ነበር፤ ስለ አንድ እንስራ መሰበር፣ ስለ አንድ ሠርግ፣ ማን ማንን ትቶ ወንዝ እንደወረደ። ቆይቶ ወሬ ሆነ። የሚያስደነግጠኝ የምትናገረው አይደለም፤ ዝም የምትለው ነው። ትጠይቃለች፣ ታቆማለች፣ ለመልስ የሚበቃ ያህል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትስቃለች። «ኧረ ተይኝ እቴ!» ትላለች። መልሱን እኔ አልሰማሁትም። ፋሻው ሲቀደድ ብቻ ነው የምሰማው።

አንድ ቀን አሆቷን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋት። «ምን እንደምትልሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም። ስታወራ እግሯ አይንቀጠቀጥም፤ ለእኔ ይበቃኛል» አለችና ሲጋራዋን ለኮሰች።

ቁስሉ ይዘጋ ጀመር። ዳርና ዳሩ እንደ ሕፃን ቆዳ ሮዝ ሆነ። ሐኪሙ አይቶ ተገረመ፣ እኔም እንደገና እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ ድንገት ወደ ኋላ ተመለሰ። ጫፉ ነጣ፣ ራሰ፣ ሸተተ። አሆቷ ወደ ማጀት ጠራችኝ።

«ውኃ እየነካው ነው። ውኃ የሚያስነካው ማን ነው?»

«ማንም! እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ገላዋን የማጥባት።»

«እንግዲያው ከአንቺ ሌላ ሰው አለ» አለች። እሷ በሕይወት ያለ ሰው ማለቷ ነበር፤ እኔ ግን ያን የተነጠፈ አልጋ አሰብኩ። እናቴ እንዲነሳ አልፈቀደችም ነበር፤ እንደዚያው ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እናቴ ገላ መታጠቢያው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ከነፋሻው ባልዲ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብላ ውኃውን በመዳፏ እያፈሰሰች ከላይ ትጨምርበታለች፤ ሕፃን እንደሚታጠብ፣ በዝግታ።

ተንበርክኬ እግሯን አወጣሁት። «እማዬ! ሊቆርጡሽ እኮ ነው! ከዚህ!» አልኳትና ሐኪሙ ያሳየኝን አሳየኋት፤ እስከዚያ ቀን ነግሬያት አላውቅም።

አልደነገጠችም። «ሲድን ትሄዳለች» አለች።

«ማን?»

«አሆት።»

«እማዬ፣ እሷ ነርስ ናት። ሩሲያዊት ናት።»

«አበድሁ መሰለሽ? ነጭ መሆኗን አላይም? ሲጋራ ሲጋራ ስትሸት አይሸተኝም?» ተቆጣች። ቁጣዋ ደስ አለኝ። «እታለም መሞቷን ካንች ፊት ላይ አይቻለሁ። ግን ያች ሴት አንገቷን ስትደፋ እታለም ትመጣለች። እኔ ምን ላድርግ? ቀና ስትል ትሄዳለች። ሳልነግራት የቀረኝ ብዙ ነው፤ ያ ስልክ ሲያስቸኩለን ነበር።»

«ለኔ ንገሪኝ፤ እኔ አለሁ አይደለም?»

እናቴ በሐዘኔታ አየችኝ። «አንች ትመልሽያለሽ» አለች። «አንድ ቃል ሳልጨርስ ሦስት ታሪክ ታመጭያለሽ። እሷ ዝም ትላለች።»

ባልዲውን ደፋሁት። እግሯን አደረቅሁት። ያን ቀን ለአሆቷ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ስሚኝ» አለች። «ቁስል ከሌለ እኔ የለሁም። ወሬ ለመስማት ብቻ መምጣት ሥራዬ አይደለም፣ ሌላ ቁስለኛ ይጠብቀኛል። ቁስሉ ካልዳነ ደግሞ እግሩ የለም። አንቺ መማር አለብሽ።»

«ቁስል ማጠብ?»

«እሱን እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቺ የዳነ እግር መያዝ ተማሪ።»

እንደ ተባለው ሆነ። ለእናቴ ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ የዳነ እግርም በየቀኑ አንገት ደፍቶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፣ ሐኪሙ አዟል አልኳት። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ስኳር ያለበት እግር በእርግጥ በየቀኑ መታየት አለበት። ብዙ አሰበች። «ማን ነው የሚይዝ?» አለች። አልመለስኩም። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ዝም ያልኩላት።

አሆቷ አጠገቤ ተቀምጣ አስተማረችኝ። ውኃው ለብ ያለ ብቻ፤ በክርንሽ ለኪው፣ በእሷ እግር አትለኪው። በጣቶቹ መካከል አድርቂ። ቅባቱን ተረከዙና ውስጥ እግሩ ላይ፣ በጣቶቹ መካከል ግን በፍጹም። ቀይ ነገር ካየሽ ትንሽም ብትሆን በዚያው ቀን ለሐኪም። በመጨረሻው ቀን ፋሻውን ጠቅልላ ጣለችውና «ኒግማር» አለች፤ አለቀ። እናቴ እጇን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ምንም አላለቻትም። ወሬዋ ድሮም ለሴትዮዋ አልነበረም።

በማግስቱ ያንኑ ሰዓት መጣሁ። እናቴ ካልሲዋን አላወለቀችም ነበር፤ እኔ አወለቅሁት። ዝቅ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፣ ተረከዟን አሳረፍኩ። አንገቴን ደፋሁ። ቅባቱን ቀስ ብዬ አሸሁ። መስኮቱ ያፏጫል። ረጅም ጊዜ ሆነ። አልሆነም፣ እኔ እኔው ነኝ፣ አትመጣም አልኩ በልቤ።

ጣቷ የራሴን መሀል ነካኝ። የፀጉሬን ፈር ተከትላ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ሄደች።

«ሸብተሻል፣ እታለም» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል እስከ ጥርሴ መጣ። ከበላዬ ድምፅዋ ቀጠለ፤ ስለ አንድ ወንዝ፣ ስለ አንድ ቀሚስ፣ ያንን ቀን ለምን ብቻዬን ተውሽኝ ትላለች። ትጠይቃለች፣ ታቆማለች፣ ትጠብቃለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከእኔና ከእሷ ሌላ ሰው ሲተነፍስ የምሰማ መሰለኝ፤ ያ እስትንፋስ የራሴ ይሁን የሌላ አላውቅም። ከዚያ እናቴ ሳቀች፣ ቀጠለች።

እጄ ውስጥ ያለው እግር ሙሉ ነበር፣ ሞቅ ያለ ነበር። ቀና አላልኩም።